ኦቨርድራይቩ እምቢ ሲል፦ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ኤሌክትሪኩን መፈተሽ

ቮልቮ 144 አለኝ። ከ1966 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት አንዱ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሲቆም የሰፈር ልጆች «ሳጥኑ» ይሉታል። አልከፋም፣ ሳጥን ይመስላል።

ይሄ ሳጥን ከአራተኛ ማርሽ በላይ ኦቨርድራይቭ አለው። የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ስለሆነ ነገሩ ለኔ ቅንጦት አይደለም። በአራተኛ ማርሽ ብቻ ረጅም መንገድ ስትነዱ ሞተሩ ጆሮ ይበላል። ኦቨርድራይቩ ሲገባ ረጭ ይላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ባለፈው ክረምት መግባቱን አቆመ። ጋራዥ ወሰድኩት። «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ተባልኩ። አላወረድኩም፤ ብልህ ሆኜ ሳይሆን ኪሴ ስላልፈቀደ ነው። ቴስት ላምፕ ይዤ ሥሩ ገባሁ። ወደ ሶሌኖይዱ (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ዘንግ ስቦ ኦቨርድራይቩን የሚያስገባው ጥቅል) የሚሄደውን ሽቦ ስነካ መብራቱ ቦግ አለ። እሰይ፣ ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ የሞተው ሶሌኖይዱ ነው አልኩ። ውጭ አገር ያለ ዘመዴን አስቸግሬ አዲስ አስመጣሁ። ሁለት ወር ጠበቅኩ። ገጠምኩት። እሱም ንቅንቅ አላለም።

በኋላ ሳገኘው ጥፋቱ ካምቢዮው አጠገብ ያለች አንዲት የሽቦ መጋጠሚያ ነበረች። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሏታል፣ ስታኞ የለ ምን የለ። ላቫጆ በሄድኩ ቁጥር ውሃ ትጠጣ ነበር፣ ውስጧ አረንጓዴ ሆኗል። ቴስት ላምፕ ለማብራት ትበቃለች፣ ሶሌኖይድ ለመሳብ ግን አትበቃም። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ የሄድኩበትን ዙሪያ ጥምጥም እናንተ እንዳትሄዱ ነው።

መጀመሪያ፣ ማን ምን ይሠራል?

ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው ኋላ የተገጠመ ተጨማሪ የማርሽ ቤት ነው። የኔ ካምቢዮ ኤም 41 ይባላል። ኦቨርድራይቩ ደግሞ የእንግሊዞቹ ሌይኮክ ደ ኖርማንቪል ነው። ዘመዶቹ በኤም ጂ፣ በትራያምፍና በሌሎች የድሮ መኪኖች ላይም ተገጥመዋል። ስለዚህ አብዛኛው የምለው ለነሱም ይሆናል። የድሮዎቹ ኤም 41ዎች ዲ የሚባለውን ዓይነት፣ የኋለኞቹ ደግሞ ጄ የሚባለውን ይዘዋል። ልዩነቱ ለኛ ሥራ ወሳኝ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ማርሹን የሚቀይረው የዘይት ግፊት ነው። የኤሌክትሪኩ ድርሻ የዘይቱን ቫልቭ መክፈት ብቻ ነው። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ፓምፑም ቆሟል። ይሄ ለኛ ደግ ነገር ነው፤ ሞተር ሳታስነሱ፣ መኪናውን ሳታንቀሳቅሱ ኤሌክትሪኩን ለብቻው መፈተሽ ትችላላችሁ።

የኤሌክትሪኩ መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ቀጭኑ የትእዛዝ መንገድ ነው፤ ከፊውዝ ተነስቶ መሪው ሥር ባለው ማብሪያ ያልፍና ካምቢዮው ላይ ወዳለችው ትንሽ ስዊች ይሄዳል። ያቺ ስዊች የምታገናኘው በላይኛው ማርሽ ላይ ብቻ ነው። በቮልቮው አራተኛ ላይ፣ በብዙ እንግሊዞች ሦስተኛና አራተኛ ላይ። ሌላው ወፍራሙ መንገድ ነው፤ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን በሚያስተላልፍ ስዊች) በኩል ቀጥታ ለሶሌኖይዱ ጉልበት ይሰጣል። ሪሌይ የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ላይ ሁለቱ መንገዶች አንድ ናቸው። የሽቦው አሠራር ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የመኪናችሁን ዲያግራም ፈልጋችሁ ያዙ። አንዳንድ የድሮ እንግሊዞች ደግሞ ማሳቸው (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪ ጫፍ) ፖዘቲቭ ነው፤ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ባትሪው እንዴት እንደተገጠመ እዩ።

ኋላ ማርሽ ክልክል ነው

ይቺን ለብቻዋ የጻፍኳት ስለምትጎዳ ነው። ኦቨርድራይቩ ገብቶ ሳለ መኪናው ወደ ኋላ ከተነዳ ውስጡ ያለው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ክላች ይሰበራል። ያኔ ካምቢዮው በእርግጥም ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠብቁ። የካምቢዮዋን ስዊች ለፍተሻ ሁለቱን ጫፎቿን በሽቦ አገናኝታችሁ ካለፋችኋት ሽቦውን ሳትነቅሉ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። ሁለተኛ፣ ማብሪያው ጠፍቶም ኦቨርድራይቩ አልወጣ ካለ ኋላ ማርሽ አታስገቡ፤ ወደ ፊት ብቻ ነድታችሁ አቁሙት፣ ከዚያ ሥሩ ግቡ።

ስለ መግባት ካነሳን፣ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። ፎሳ ካገኛችሁ ምርጥ ነው። ካላገኛችሁ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ)፣ ጎማው ላይ ድንጋይ፣ መሬቱ ደግሞ ደረቅና ጠንካራ ይሁን። የኛ ሰፈር ጭቃ በክረምት ካቫሌቶ ይውጣል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ሞተሩ እስኪበርድ ታገሡ።

የሚያስፈልገው

ቮልትና ኦም የሚለካ ሙልቲሜትር፣ ሁለት ሜትር ያህል ሽቦ ከአዞ አፍ መቆንጠጫ ጋር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ። አንድ ረዳትም ያስፈልጋል፤ የጎረቤት ልጅ ይበቃል፣ እነሱ ሾፌር ወንበር ላይ መቀመጥን አይጠሉም። በተጨማሪ አንዱ ክሩ የተቃጠለ የፊት መብራት አምፑል ፈልጉ። ጋራዦች በየቀኑ ይጥሉታል። ያልተቃጠለው ክሩ ለኛ ከቴስት ላምፕ በብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ።

ድምፁን አዳምጡ

የእጅ ፍሬን ያዙ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። አራተኛ ማርሽ አስገቡ። ረዳቱ ማብሪያውን ያብራ፣ ያጥፋ፣ ያብራ። ሞተሪኖውን እንዳይነካ አስጠንቅቁት፤ ማርሽ ላይ ነው፣ መኪናው ይዘላል።

ዲ ከሆነ ከሥር «ጧ» የሚል ግልጽ ምት ትሰማላችሁ። ጄ ከሆነ «ጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሶሌኖይዱን በጣት ነክታችሁ ካልሆነ ታመልጣችኋለች። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወይም ከኮፈኑ ሥር ሌላ «ጢክ» ከሰማችሁ እሱ ሪሌዩ ነው።

ሪሌዩ ጢክ ካለና ሶሌኖይዱ ዝም ካለ የትእዛዙ መንገድ ደህና ነው፤ ወደ ወፍራሙ መንገድ ሂዱ። ሁለቱም ዝም ካሉ ከፊውዝና ከስዊቾቹ ጀምሩ። ሁለቱም ከጮሁ ደግሞ የዘይቱን ልክ እዩ። ኤም 41 ውስጥ ካምቢዮውና ኦቨርድራይቩ የሚጋሩት ዘይት አንድ ነው፣ ፋብሪካው የሚያዘውም 30 ቁጥር የሞተር ዘይት ነው። ዘይት ጎድሎ ሽቦ ሲፈታ የዋለ ሰው አውቃለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራዋን ትንሽ መብራት ግን ብዙ አትመኗት። ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን ብትናገርም ሶሌኖይዱ መሳቡን አታውቅም።

ባትሪና ፊውዝ

አድሮ የተቀመጠ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ አድርጉት፤ የቀረው ልኬት ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚቆመው።

የድሮ የአውሮፓ መኪኖች ፊውዝ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ላዩ ላይ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ያለው ነው። ጥብጣቡ ደህና ሆኖ ጫፎቹ ዝገው ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ያታልላል። በቤቱ ውስጥ እንዳለ በጣት ወዲያ ወዲህ አዙሩት። ካስፈለገ አውጥታችሁ ጫፉንም መያዣውንም በብርጭቆ ወረቀት ጥረጉ። የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ የተተካ ካገኛችሁ እባካችሁ አውጡት። ሽቦ ከሚቃጠል ፊውዝ ይቃጠል።

መብራት መብራቱ ለምን አይበቃም

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

የዲ ሶሌኖይድ ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ። ወፍራሙ ለመሳብ ነው፤ ለአንዲት ቅጽበት ከ15 እስከ 20 አምፔር ይጎትታል። ዘንጉ እስከ ጥግ ሲገባ ውስጥ ያለች መገናኛ ትከፈትና ወፍራሙ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ቀጭኑ ጥቅል ብቻውን በ1 ወይም 2 አምፔር ይዞ ያቆየዋል። የጄ ሶሌኖይድ ግን አንድ ጥቅል ብቻ አለው፣ 2 አምፔር ገደማ ይበቃዋል።

እንግዲህ የኔን የተበላሸች መጋጠሚያ አስቡ። 0.2 ኦም ብቻ ትቃወማለች እንበል። 5 ዋት ቴስት ላምፕ የሚስበው 0.4 አምፔር ስለሆነ እዚያች መጋጠሚያ ላይ የሚጠፋው 0.1 ቮልት እንኳ አይሞላም። መብራቱ ቦግ ይላል። ሙልቲሜትርማ ጭራሽ ምንም አይስብም፣ 12 ቮልት ሙሉ ያሳያችኋል። የዲው ሶሌኖይድ 0.7 ኦም አካባቢ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 0.9፤ 12ን ለ0.9 ስታካፍሉት 13 አምፔር። መጋጠሚያዋ 2.7 ቮልት ትበላለች፣ ለሶሌኖይዱ 9.3 ይቀረዋል። ስፕሪንጉን ገፍቶ ለመግባት ያ አይበቃውም። መጋጠሚያዋ ይበልጥ ስትዝግ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ሽቦው እንደተሰካ፣ ሥራ ላይ እያለ ለኩ። የሙልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ከሶሌኖይዱ ተርሚናል፣ ጥቁሩን ከሶሌኖይዱ አካል ጋር አድርጉ። ረዳቱን «አሁን!» በሉት። ቁጥሩን እዩ፣ ወዲያው ያጥፋ። ባትሪው በዚያችው ቅጽበት ከሚያሳየው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ መንገድ ላይ የሚበላ ነገር አለ።

ሶሌኖይዱ ከወጣ ወይም ከተጠረጠረ በቦታው የፊት መብራቱን አምፑል አገናኙ። 55 ዋት ክር 4.6 አምፔር ይስባል። በዚያችው 0.2 ኦም ላይ አንድ ቮልት ሊሞላ ትንሽ ሲቀር ይጠፋል፣ ሙልቲሜትሩ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሌባው የት እንዳለ ለማግኘት መንገዱን ከፋፍላችሁ ለኩ። ቀዩን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ተዉትና ጥቁሩን በየተርሚናሉ አራምዱ፤ መጀመሪያ ከፊውዙ በኋላ፣ ከዚያ ሪሌዩ መግቢያ፣ ሪሌዩ መውጫ፣ የሽቦው መጋጠሚያ፣ መጨረሻ ሶሌኖይዱ። ሁሌም ማብሪያው በርቶ፣ ቁጥሩን እንዳያችሁ ግን ወዲያው ያጥፋ። ቁጥሩ በድንገት የዘለለባት ቦታ እሷ ናት። እኔ ይህን ለመሥራት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሶሌኖይዱን ስጠብቅ ሁለት ወር።

ማሳውም መንገድ ነው

ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ሲያባርር ይውላል። ሶሌኖይዱ የሚመለሰው በካምቢዮው አካል በኩል ነው። ካምቢዮው ደግሞ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ሻንሲውን በቀጥታ አይነካም። አንዱን ጫፍ ካምቢዮው ንጹህ ብረት ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ነጌቲቭ ላይ አድርጋችሁ ሶሌኖይዱ ሲሠራ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበባችሁ የማሳውን ገመድ ፈትታችሁ ሁለቱንም ጫፍ አጽዱ። የሶሌኖይዱ ብሎኖችና መቀመጫ ቀለም ወይም ዝገት ካላቸው እነሱንም። ለማረጋገጥ ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሶሌኖይዱ አካል ወፍራም ገመድ ዘርጉ። በዚያ ከሳበ ነገሩ አለቀ፣ ማሳ ነው።

ሪሌይና ስዊቾች

የቦሽ ዓይነት ሪሌይ ተርሚናሎቹ ቁጥር አላቸው። 30 የሚገባው፣ 87 ወደ ሶሌኖይዱ የሚወጣው፣ 85 እና 86 የትእዛዙ ጥቅል። ጢክ ማለቱ ጥቅሉ መሥራቱን እንጂ መገናኛው ንጹህ መሆኑን አያሳይም። ሶሌኖይዱ ሲሠራ በ30 እና በ87 መካከል ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ መገናኛው ተቃጥሏል። ሪሌይ ርካሽ ነው፣ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ ቀይሩት። ስትገዙ ቮልቱንም አምፔሩንም እዩ፤ ባለ 12 ቮልትና 30 አምፔር የሚችል ይሁን።

የካምቢዮዋን ስዊች ለመፈተሽ ባትሪውን ንቀሉ፣ ሁለቱን ሽቦዎቿን አውጡ፣ ሙልቲሜትሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ አድርጉ። አራተኛ ላይ መጮህ አለበት። ከዚያ በየማርሹ ሞክሩ። በተለይ ዜሮና ኋላ ማርሽ ላይ ዝም ካላለ እዚያው አቁሙ፣ ስዊቿ ሳትስተካከል መኪናው አይነዳም። አራተኛ ላይ የማትጮኸው ደግሞ ጥልቀቷ ስላልበቃ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሯ ያለው ሮንዴላ ወፍራም ከሆነ ስስ አድርጉላት። የካምቢዮውን እንጨት (ማርሽ መቀየሪያውን) ወደ ጎን እየገፋችሁም ሞክሩ። የተበላች ስዊች ቆማ ትሠራለች፣ መንገድ ላይ በንዝረት ትቆራረጣለች።

መሪው ሥር ያለው ማብሪያም እንዲሁ በድምፅ ይፈተሻል። ብዙ አይበላሽም።

ሶሌኖይዱን ለብቻው

ሽቦውን ነቅላችሁ ኦሙን ለኩ። ዲ ከሆነ እንደተቀመጠ ከ1 ኦም በታች ያሳያል። ዘንጉን በእጅ እስከ ጥግ ስትገፉት ቁጥሩ ወደ 6 ወይም እስከ 12 መዝለል አለበት፤ ወፍራሙ ተቋርጦ ቀጭኑ ብቻውን ቀረ ማለት ነው። ካልዘለለ የውስጥ መገናኛዋ አልተከፈተችም። ጄ ከሆነ 6 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ጄን ለመፍታት ቀጭን ባለ 1 ኢንች ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ሲወጣም ዘይት ይፈስሳል፣ ከሥሩ ሳህን አድርጉ።

አምፔር ለመለካት የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ርካሽ ሙልቲሜትር 10 አምፔር ላይ ፊውዙን ያቃጥላል። ለዲ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ ክላምፕ ሜትር ተዋሱ።

በጠረጴዛ ላይ ስትሞክሩት በ20 አምፔሩ ፊውዝ በኩል ከባትሪ ስጡት። ብልጭታ ስለሚኖር የመጨረሻውን ንክኪ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ ንኩ። ከሳበ በኋላ በፍጥነት እየሞቀ ከሄደ ወይም የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ወዲያው አቋርጡ። ወፍራሙ ጥቅል አልጠፋም፣ ሲቆይ ይነድዳል።

ዲ ላይ እዚህ ቦታ አንድ ወጥመድ አለ። ሶሌኖይዱ ጤነኛ ሆኖ የሚገፋው ዘንግ ማስተካከያ ከጠፋው እስከ ጥግ አይገባም፣ ወፍራሙ አይጠፋም፣ ሶሌኖይዱ ይቃጠላል። አዲስ ትገዛላችሁ፣ እሱም ይቃጠላል። ስለዚህ ስትገጥሙት፣ ሶሌኖይዱ ስቦ ሳለ የዘንጉ ክንድ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከቤቱ ቀዳዳ ጋር ትይዩ መሆኗን አረጋግጡ። 3/16 ኢንች የሆነ የመሰርሰሪያ ግንድ በሁለቱም ያለ ግፊት ማለፍ አለበት። ካላለፈ የማስተካከያዋን ብሎን አዙሩ፣ አጥፉ፣ አብሩ፣ ደግማችሁ ሞክሩ።

ሽቦውን መመለስ

የተጠመዘዘውን ሁሉ ቆርጣችሁ በስታኞ አያይዙ፣ ወይም በደንብ በሚጨመቅ ተርሚናል ተኩ። ናስትሮ ብቻውን ውሃ አይከለክልም። በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ አልብሱት፣ ተርሚናሉን ቫዝሊን ቀቡት፣ ሽቦውን ከማርሚታውና ከትራስሚሲዮኑ አርቃችሁ እሰሩት። ላቫጆ ስትሄዱ ደግሞ ልጁን ካምቢዮው አካባቢ በግፊት እንዳይረጭ ንገሩት። ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ።

መንገድ ላይ

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ገብቼ ወደ አዳማ አቅጣጫ እሄዳለሁ። መንገዱ በአመዛኙ ስለሚወርድ ለሙከራ ይመቻል። 80 ላይ፣ አራተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትለቁ ማብሪያውን አብሩ። የኔው ኦቨርድራይቭ ምጣኔው 0.797 ስለሆነ 3000 የነበረው ዙር ወደ 2400 ይወርዳል። የዙር መቁጠሪያ ከሌላችሁ ጆሮ ይበቃል። ብዙ ጊዜ አስገቡ፣ አውጡ።

እዚያው አቁማችሁ አትመለሱ። መዳብ ሲሞቅ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ የበለጠ ይቃወማል። ሶሌኖይዱ በ60 ዲግሪ ቢሞቅ ተቃውሞው ሩብ ያህል ይጨምራል፣ የሚስበው ጅረት አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ጠዋት ግቢ ውስጥ «ጧ» ያለው ቀትር ላይ ሞጆ ስትደርሱ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ እስኪሞቅ ንዱት፣ መውጫ ላይ ከዋናው መንገድ ወርዳችሁ አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፣ አራተኛ አስገብታችሁ ደግማችሁ አዳምጡ። ትኩሱም ከሳበ ወደ ቤት። ስትመለሱ ግን መንገዱ ዳገት ነው፣ ከፍታውም የሞተሩን አቅም ይቀንሳል፤ ኦቨርድራይቩን አውጡትና በአራተኛ ውጡ።